«ፋይበር ከሆነ በብርሃን ፍጥነት ነው» ስንል የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

ሆሳዕና ውስጥ ስለ ኢንተርኔት ወሬ ከተነሳ፣ አንዱ «ፋይበር ከሆነ እኮ በብርሃን ፍጥነት ነው» ማለቱ አይቀርም። ሻይ ቤት ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በስልጠና መድረክም፣ በመምህራን አንደበትም ሰምቼዋለሁ። እኔ ራሴም ብዬዋለሁ። ይህ ጽሑፍ በዚህ ማብራሪያ ላይ የቀረበ ትችት ነው። አባባሉ ሐሰት የለበትም፤ በፋይበር ውስጥ የሚጓዘው በእርግጥ ብርሃን ነው። ጉዳቱ ዓይናችንን ከዋናው ጉዳይ ላይ ማንሳቱ ነው። ከዚያ በኋላ የማይሆን ዕቃ ያስገዛናል፣ መቆፈር የሌለበትንም መሬት ያስቆፍረናል። ይህን ያወቅሁት በራሴ ስህተት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሆሳዕና ውስጥ ያለ አንድ ተቋም የሰርቨር ክፍሉን ከኮምፒውተር ላብራቶሪው ሕንፃ ጋር የሚያገናኝ 180 ሜትር የፋይበር ገመድ ነበረው። ገመዱ ከተዘረጋ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በሰከንድ 1 ጊጋቢት እያስተላለፈ ያለ ችግር ኖሯል። ተማሪው ሲበዛና የተቀረጹ ትምህርቶች ሰርቨሩ ላይ ሲጫኑ ግን መስመሩ ተጨናነቀ። ወደ 10 ጊጋቢት ይደግ ተባለ። «አንተ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነህ፣ እስቲ ናና እየው» ተብዬ ተጠራሁ። አየሁና «ፋይበር ስለሆነ ሐሳብ አይግባችሁ፤ ጫፍና ጫፍ ላይ ያለውን ሞጁል ብቻ ቀይሩት» አልኩ።

ሞጁሉ ተገዛ፣ ተሰካ። የስዊቹ መብራት በራ፣ ጠፋ፣ ደግሞ በራ። ግንኙነቱ ሲቆም መረጃው በስህተት የተሞላ ነበር። የኔትወርክ ክፍሉ ኃላፊ ቀይ መፈተሻ መብራት በአንደኛው ጫፍ ሰኩ፤ በሌላኛው ጫፍ ቁልጭ ብሎ ታየ። «ጋሼ፣ ብርሃኑ እኮ ይደርሳል!» አልኳቸው። የኃይል መለኪያውም ደህና ነው አለ። ብርሃኑ ይደርሳል፣ መረጃው አይደርስም። መጨረሻ ላይ «ፋይበሩ አርጅቷል» የሚል ፍርድ ተሰጠ። እኔም ፈረምኩ። በዚያው ክረምት፣ በዝናብ መሐል፣ ቦይ ተቆፈረ፣ አዲስ ገመድ ተቀበረ። ላብራቶሪው ለሳምንታት ያለ ሰርቨር ተቀመጠ።

ፋይበሩ ግን አላረጀም ነበር። ልክ እንደተሠራበት ቀን ነበር የሚሠራው። ያልገባን እኛ ነበርን።

መዳብም ያው ነው

ከ«ብርሃን ፍጥነት» እንጀምር። ብርሃን በባዶ ቦታ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። መስታወት ውስጥ ሲገባ ግን ይዘገያል፤ በፋይበር ውስጥ የሚሄደው በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሙሉ ፍጥነቱ 68 በመቶ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ሆሳዕና በመንገድ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ርቀት የተዘረጋ ፋይበርን ብርሃን ለማቋረጥ ከ1 ሚሊ ሰከንድ ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይበቃዋል።

ታዲያ በተራው የመዳብ ኔትወርክ ገመድ ውስጥ ምልክቱ በምን ፍጥነት ይሄዳል? ከብርሃን ፍጥነት ከ60 እስከ 70 በመቶ በሚሆነው። ማለትም ያው ነው! በፍጥነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ፋይበር የሚባል ነገር መፍጠር ባላስፈለገ።

የፋይበር ብልጫ ሁለት ነገር ላይ ነው። አንደኛው፣ ምልክቱ ቶሎ አይደክምም። ቻርልስ ካኦ እና ጆርጅ ሆክሃም በ1966 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሆነው ባሳተሙት ጥናት፣ መስታወቱ በበቂ ሁኔታ ከጠራ ብርሃን በኪሎ ሜትር 20 ዴሲቤል ብቻ እየቀነሰ ሊጓዝ እንደሚችል ተከራከሩ። በጊዜው የነበረው መስታወት በኪሎ ሜትር 1,000 ዴሲቤል ገደማ ያጠፋ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የኮርኒንግ ኩባንያ ተመራማሪዎች ከ20 በታች የሆነውን ሠርተው አሳዩ። ካኦ ለዚህ ሥራው በ2009 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ሁለተኛው ብልጫ፣ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሆነው፣ ባንድዊድዝ ነው። ባንድዊድዝ ማለት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት የተለያየ ብልጭታ ሳይደባለቅ ማሳለፍ ይቻላል የሚለው ነው። ጥያቄው ብልጭታው ምን ያህል ቶሎ ደረሰ አይደለም፤ ምን ያህል አብሮ ደረሰ ነው።

ኮጮው ከቅቤው ሲደባለቅ

ከሆሳዕና ወጣ ያለች አንዲት የገጠር ቀበሌን በሐሳባችሁ ሳሉ። በገበያ ቀን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ኮጮ የተሸከሙ መቶ ሰዎች በአንድ ጊዜ ይነሳሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቅቤ የያዙ መቶ ሰዎች፣ ከዚያ ደግሞ ስንዴ የጫኑ ይከተላሉ። ገበያው በር ላይ አንድ ጸሐፊ ተቀምጦ ተራውን ይመዘግባል፦ ኮጮ፣ ቅቤ፣ ስንዴ። ሁሉም በአንድ መንገድ በእኩል እርምጃ ከመጡ ሥራው ቀላል ነው። ግን ገሚሱ በአቋራጭ፣ ገሚሱ በዙሪያ ጥምጥም ቢመጣስ? ከኮጮ ተሸካሚዎቹ ኋላ የቀሩት፣ ከቅቤ ተሸካሚዎቹ ከቀደሙት ጋር እኩል በሩ ላይ ይገናኛሉ። ኮጮና ቅቤ አብሮ መድረሱ ለክትፎ ጥሩ ነው፤ ለጸሐፊው ግን መዝገብ ማበላሻ ነው። ሰዎቹን «ፍጠኑ» ብትሏቸው ምንም አይፈታም። ችግሩ የእርምጃቸው ፍጥነት ሳይሆን የመድረሻ ሰዓታቸው መለያየት ነው።

መልቲሞድ ፋይበር ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። «ሞድ» የሚባለው ብርሃኑ በመስታወቱ ውስጥ ሊይዘው የሚችለው አንድ የጉዞ ዓይነት ነው፤ ለኛ ጉዳይ «መንገድ» ብንለው ይበቃል። የድሮው መልቲሞድ ፋይበር እምብርት 62.5 ማይክሮ ሜትር ስፋት አለው፤ ለኔትወርክ በሚያገለግለው የ850 ናኖ ሜትር ብርሃን ውስጡ አንድ ሺህ ገደማ መንገዶች አሉ። እምብርቱ 50 ማይክሮ ሜትር የሆነው 340 ገደማ አለው። የሲንግልሞድ ፋይበር እምብርት 9 ማይክሮ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በተሠራበት የብርሃን ዓይነት አንድ መንገድ ብቻ ይፈቅዳል። ከከተማ ከተማ የሚዘረጋው የረጅም ርቀት ፋይበር ሲንግልሞድ የሆነው ለዚህ ነው። መልቲሞድን የምናገኘው በግቢ ውስጥ፣ ከሕንፃ ሕንፃ፣ ከፎቅ ፎቅ ነው።

ቁጥሩን እንየው። እምብርቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ በሆነና ከልባሱ 1 በመቶ ብቻ በሚለይ መስታወት፣ ፈጣኑና ዘገምተኛው መንገድ በኪሎ ሜትር 49 ናኖ ሰከንድ ይለያያሉ። በ180 ሜትር 9 ናኖ ሰከንድ ገደማ ይሆናል። በሰከንድ 1 ጊጋቢት ስንልክ አንድ ቢት የሚይዘው ጊዜ 1 ናኖ ሰከንድ ነው። ስለዚህ አንዱ ቢት ዘጠኝ ጎረቤቶቹ ላይ ይደፋባቸዋል።

መሐንዲሶች ለዚህ ያገኙት መላ ደስ ይላል። አቋራጩን ጭቃ፣ ዙሪያውን አስፋልት አደረጉት! የእምብርቱ መስታወት መሐሉ ላይ ብርሃንን ይበልጥ እንዲያዘገይ፣ ወደ ዳር እየሄደ ሲመጣ ደግሞ ቀስ በቀስ እንዲፈታው ተደርጎ ይሠራል። በመሐል ቀጥ ብሎ የሚሄደው ብርሃን አጭር ግን ዘገምተኛ መንገድ ያገኛል፤ እየተጠማዘዘ በዳር የሚሄደው ረጅም ግን ፈጣን መንገድ ያገኛል። ሁለቱም ጫፉ ላይ እኩል ይደርሳሉ። በስሌት ደረጃ፣ በዚያው የ1 በመቶ ልዩነት፣ 49 ናኖ ሰከንድ የነበረው መበታተን ወደ 0.06 ናኖ ሰከንድ ይወርዳል፤ ስምንት መቶ ጊዜ ያህል መሻሻል ማለት ነው። በተግባር ግን መስታወቱ እንደ ስሌቱ ፍጹም ሆኖ አይወጣም። ቁልቁለቱ ትንሽ ከተዛባ ልዩነቱ ይመለሳል። አንዱ መልቲሞድ ከሌላው የሚለየውም በዚህ ነው፦ ስሌቱን ምን ያህል አክብሮ እንደተሠራ።

ሁሉም «መልቲሞድ» አንድ አይደለም

ይህ ልዩነት የሚለካው በሜጋኸርዝ-ኪሎ ሜትር ነው። በ850 ናኖ ሜትር ብርሃን፣ ኦኤም1 የሚባለው ባለ 62.5 ፋይበር 200 አለው። ኦኤም2 500፣ ለሌዘር ተብሎ የተሠራው ኦኤም3 2,000፣ ኦኤም4 ደግሞ 4,700 አለው። ሁሉም «መልቲሞድ» ይባላሉ፤ በአንደኛውና በአራተኛው መሐል ግን ከሃያ እጥፍ በላይ ልዩነት አለ።

የአጠቃቀሙ ሒሳብ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ ቁጥሩን ለርቀቱ በኪሎ ሜትር አካፍሉት። አሁን የ10 ጊጋቢቱን አጭር ርቀት ሞጁል፣ ኤስአር የሚባለውን፣ መስፈርት ተመልከቱ። በኦኤም1 ላይ 33 ሜትር፣ በኦኤም2 ላይ 82 ሜትር፣ በኦኤም3 ላይ 300 ሜትር ይላል። 200ን ለ0.033፣ 500ን ለ0.082፣ 2,000ን ለ0.3 አካፍሉ። ሦስቱም ከ6,000 እስከ 6,700 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። ሞጁሉ የሚጠይቀው ያንን ነው፤ ከዚያ በታች ብልጭታዎቹ ይቀላቀሉበታል። ለ1 ጊጋቢቱ አቻ ሞጁል በዚያው መንገድ ስታሰሉት ከ700 እስከ 900 ገደማ ይበቃዋል።

የኛው 180 ሜትር ኦኤም1 ነበር። 200 ለ0.18 ሲካፈል 1,111። ለ1 ጊጋቢት ተርፎ ይበቃል፤ አስር ዓመት የሠራው ለዚህ ነው። ለ10 ጊጋቢት ግን ከሚያስፈልገው አንድ አምስተኛውን እንኳ አይሞላም። ሞጁሉ ከመገዛቱ በፊት፣ በስልክ ካልኩሌተር፣ በግማሽ ደቂቃ ሊታወቅ የሚችል ነገር ነበር።

ቀዩ መብራትና የኃይል መለኪያው ለምን እንዳታለሉንም አሁን ግልጽ ነው። ፋይበር ሁለት ዓይነት ሕመም አለው። አንዱ ብርሃኑ ሲደክም ነው፤ ሌላው ብርሃኑ ሳይደክም ሲበታተን። የኃይል መለኪያ በሩ ላይ ስንት ሰው ደረሰ ብሎ ይቆጥራል፤ በምን ተራ ደረሱ ብሎ አይጠይቅም። መቶውም ሰው ደርሷል፣ መዝገቡ ግን ተበላሽቷል። «ብርሃኑ ይታያል፣ ስለዚህ ፋይበሩ ጤነኛ ነው» ብለን ቀጥለን ደግሞ «አይሠራም፣ ስለዚህ አርጅቷል» ማለታችን፣ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የፈለቁ ስህተቶች ናቸው። ስለ ፍጥነትና ስለ ብርሃን ብቻ የሚያወራ ማብራሪያ ስለ መበታተን የሚያስብበት ቦታ የለውም።

ያኔ ምን ማድረግ ይቻል ነበር?

እዚህ ላይ ነው የሚቆጨኝ። ቁፋሮው ሳይጀመር ቢያንስ ሦስት አማራጭ ነበረን።

የመጀመሪያው ከሁሉ የረከሰው ነው። ገመዱ ውስጥ 12 ክሮች ነበሩ፤ የምንጠቀመው በሁለቱ ብቻ ነበር። አስሩ ጨለማ ተቀምጠዋል። ሁለት ሁለቱን እያጣመርን፣ በዚያው በ1 ጊጋቢት ሞጁል ስድስት መስመር ከፍተን፣ ስዊቹ እንደ አንድ መስመር እንዲያያቸው ማድረግ ይቻላል። ስዊቾቹ ይህን ይችሉ ነበር። በእርግጥ አንድ ኮምፒውተር ብቻውን የሚያወርደው ፋይል ከ1 ጊጋቢት አያልፍም፤ ስድስቱን የሚካፈሉት ብዙ ተጠቃሚዎች ሲሆኑ ነው ጥቅሙ። የኛ ችግር ደግሞ በትክክል እሱ ነበር፦ ብዙ ተማሪ በአንድ ጊዜ።

ሁለተኛው አማራጭ የብርሃኑን ቀለምና አገባቡን መለወጥ ነው። ኦኤም1 በ850 ናኖ ሜትር 200 ቢሆንም፣ በ1,300 ናኖ ሜትር 500 ነው። ያ ብቻውን 180 ሜትራችንን ከ1,111 ወደ 2,778 ሜጋኸርዝ ያነሳዋል።

የአገባቡ ነገር የራሱ ታሪክ አለው። ድሮ ብርሃኑን የሚልከው ኤልኢዲ ነበር። ኤልኢዲ ብርሃኑን እንደ ባልዲ ውሃ ሁሉም መንገዶች ላይ ይደፋዋል፤ ግን በሰከንድ ከጥቂት መቶ ሜጋቢት በላይ መብራትና መጥፋት አይችልም። ጊጋቢት ሲመጣ ሌዘር ግድ ሆነ። የጊጋቢቱ መስፈርት በ1998 እ.ኤ.አ. ከመጽደቁ በፊት፣ ሲረቀቅ ሳለ፣ አንድ ያልታሰበ ነገር ታየ። በአንዳንድ ፋይበሮች ላይ ሌዘሩ ባንድዊድዙን ከማሻሻል ይልቅ አሳነሰው። ሌዘር ጠባብ ነው፤ ብርሃኑን የሚያስገባው በእምብርቱ መሐል ባሉ ጥቂት መንገዶች ነው። ብዙ የድሮ ፋይበሮች ደግሞ ከአሠራራቸው የተነሳ ልክ መሐላቸው ላይ ትንሽ ጉድለት ነበራቸው። ሌዘሩ በቀጥታ ጉድለቱ ውስጥ ገባ።

መፍትሔው የሚገርም ቀላል ነው፤ ከመሐል ፈቀቅ ብሎ መግባት። ብርሃኑን ከ62.5ቱ ፋይበር መሐል ከ17 እስከ 23 ማይክሮ ሜትር ወደ ጎን አድርጎ የሚያስገባ ልዩ ፓች ኮርድ ተሠራ። ጉድለቱ ታለፈ፣ በሚቀራረብ ሰዓት የሚደርሱ መንገዶች ብቻ ተመረጡ። መሬት ውስጥ ያለው መስታወት ሳይነካ፣ ራኩ ላይ ያለች አጭር ገመድ ብቻ በመቀየሯ መስመሩ ተሻለ። በገበያው ምሳሌ፣ «ዛሬ በዚያኛው በኩል ብቻ ኑ» እንደማለት ነው።

ሦስተኛው አማራጭ ጸሐፊውን ብልህ ማድረግ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ለ10 ጊጋቢት የወጣ ኤልአርኤም የሚባል መስፈርት አለ። በ1,300 ናኖ ሜትር አካባቢ ባለ ብርሃን ይሠራል፤ በተቀባዩ ጫፍ ደግሞ ብልጭታዎቹ እንዴት እንደተደባለቁ እየተከታተለ መልሶ የሚለያይ ኤሌክትሮኒክስ አለው። ጸሐፊው «በዙሪያ የሚመጡት ሁሌ ሃያ ደቂቃ እንደሚዘገዩ አውቃለሁ» ብሎ መዝገቡን እንደሚያቃና አስቡት። በኦኤም1 ላይ እስከ 220 ሜትር ተፈቅዶለታል። 500ን ለ0.22 ብታካፍሉ 2,270 ገደማ ይሆናል፤ ተራው ሞጁል ከሚጠይቀው 6,000 እጅግ ያነሰ ነው። ልዩነቱን የሚሞላው ያ ማቃናት ነው።

የኛ መስመር 180 ሜትር ነበር። ስዊቹ እነዚህን ሞጁሎች መቀበሉን አረጋግጦ፣ ሁለት ሞጁልና ፈቀቅ የሚያደርጉትን ፓች ኮርዶች ገዝቶ መሞከር ይቻል ነበር። ቦዩ ግን ተቆፈረ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው።

«ለምን ትጠግናለህ? ቀይረውና ገላገል!»

ይህን ታሪክ ለጓደኞቼ ስነግር የሚቀርብልኝ መከራከሪያ አለ፤ ጠንካራም ነው። «መልቲሞድ አልፎበታል። የሲንግልሞድ ገመድ ራሱ ከመልቲሞድ ይረክሳል። ድሮ ውድ የነበረው የሌዘር ሞጁሉም ረክሷል። አንድ ጊዜ ሲንግልሞድ ከተቀበረ ዛሬ 10፣ ነገ 100 ጊጋቢት ያለ ጣጣ ይሄድበታል። በድሮ ገመድ ምን ያደክማችኋል?»

በአዲስ ግንባታ ላይ ከሆነ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በሆሳዕናም በዱራሜም ግቢ አለው። በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ፣ በአንጋጫ አዲስ ለሚሠራ ቢሮ ወይም ጤና ተቋም ከሕንፃ ሕንፃ የሚቀበረው ገመድ ሲንግልሞድ ቢሆን ይሻላል። 10 ጊጋቢት በተለመደው የሲንግልሞድ ሞጁል እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ የሚረዝም የግቢ አጥር አላየሁም። የጠቀስኳቸው ማሻሻያዎችም ዳር ድንበር አላቸው። ኦኤም1ን ወደ 40 ወይም 100 ጊጋቢት ለማሳደግ መታገል በበኩሌ የማልመክረው ነገር ነው። ጊዜ መግዣ ናቸው።

መከራከሪያው የሚስተው ጊዜ መግዛት ዋጋ እንዳለው ነው። ቦይ መቆፈር የገመዱን ዋጋ ብቻ አያስከፍልም፤ ንጣፍ ይፈርሳል፣ የውሃ ቧንቧ ይመታል፣ በክረምት ከሆነ ጭቃው ሥራውን ያጓትታል። እስከዚያ ድረስ ላብራቶሪው ይዘጋል። ተቋሙ በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ ሕንፃ ሊሠራ ካሰበ፣ ዛሬ መሸጋገሪያውን ተጠቅሞ ያኔ አንድ ጊዜ መቆፈር ይችላል። ይህን ለመወሰን ግን መጀመሪያ ምን እንዳለው ማወቅ አለበት። ዋናው ትችቴ እዚህ ላይ ነው፦ ሳንለካ ቀየርን። መቀየሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ሐሰት ነበር። «አርጅቷል» ተብሎ የተጻፈው ሪፖርት ፋይል ውስጥ ተቀምጧል፤ ነገ ሌላ ግቢ ውስጥ ያለ መሐንዲስ እሱን አንብቦ ጤነኛ ገመድ ያስቆፍራል።

ትምህርቱና ጨረታው

ጥፋቱን በቴክኒሻኖች ላይ መጣል ቀላል ነው። እኔ ግን የዲግሪ ተማሪ ሳለሁ የመበታተኑን ቀመር ጻፍ ተብዬ ጽፌያለሁ፤ ሙሉ ማርክም አግኝቻለሁ። 49 ናኖ ሰከንድ የሚለውን ቁጥር በእጄ አስልቻለሁ። ያ ቁጥር ግቢ ውስጥ ካለችው ገመድ ጋር ግንኙነት እንዳለው ግን አንድም ቀን አልታሰበኝም። ቀመሩ ለፈተና ነበር፤ ለሕይወት የተሰጠኝ «በብርሃን ፍጥነት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። ገመዷን ሳያት ትዝ ያለኝም እሱ ነው። ቀላል ማብራሪያን ቀላል በመሆኑ አልነቅፍም፤ ኮጮና ቅቤውም ቀላል ነው። ልዩነቱ፣ የገበያው ምሳሌ ተማሪውን ወደ ትክክለኛው ጥያቄ ይመራዋል፤ የብርሃን ፍጥነቱ ግን ጥያቄውን ይዘጋበታል።

የጨረታ ሰነዶችም ከዚህ አያመልጡም። «መልቲሞድ ፋይበር፣ ጥራቱን የጠበቀ» የሚል መስመር አይቻለሁ። ጥራቱን የጠበቀ ማለት ምን ማለት ነው? ኦኤም1ም ኦኤም4ም ጥራታቸውን የጠበቁ ናቸው። አቅራቢው የረከሰውን ቢያመጣ ሰነዱን አልጣሰም። የፋይበሩ ደረጃ፣ የክሮቹ ብዛትና የእያንዳንዱ መስመር ርዝመት ሦስት መስመር ቢጨመሩ ይበቃ ነበር። ርክክቡ ላይ ደግሞ የብርሃን ኃይል ብቻ ሳይሆን፣ መስመሩ በታሰበለት ፍጥነት ለሰዓታት መረጃ ሲያስተላልፍ ስንት ስህተት እንደቆጠረ መመዝገብ አለበት።

መንገዶቹ ጠላት ብቻ አይደሉም

የመንገዶቹ መብዛት እስካሁን እንደ በሽታ ሲቆጠር አየን። በምርምር ዓለም ግን ነገሩ ተገልብጧል። ሃዋርድ ስቱዋርት የተባለ የቤል ላብስ ተመራማሪ በ2000 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጣው ሥራ፣ መንገዶቹን የተለያዩ መረጃዎች መጫኛ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። በሽቦ አልባ ግንኙነት ብዙ አንቴና ከሚጠቀመው ዘዴ ጋር ይመሳሰላል፤ ሁሉም ይደባለቅ፣ ጫፉ ላይ በስሌት ይለያል። በ2022 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ ብሔራዊ የመረጃና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ተቋም ከአጋሮቹ ጋር፣ 55 ሞዶችን በሚያሳልፍ አንድ ፋይበር በሰከንድ ከ1.5 ፔታቢት በላይ ማስተላለፉን አስታውቋል። አንድ ፔታቢት አንድ ሚሊዮን ጊጋቢት ነው። ይህ ለሆሳዕናው ላብራቶሪ አሁን የሚረባው ነገር የለም፤ የሚጠይቀው መሣሪያ ሌላ ነው። የሚያሳየው ግን ያው መስታወት እንደ ተጠቃሚው ዕውቀት ድሃም ሀብታምም እንደሚሆን ነው።

ግቢያችሁ ውስጥ መልቲሞድ ካለ ዛሬውኑ ልታደርጉት የምትችሉት ነገር አለ። የራኩን በር ክፈቱ፣ የገመዱን ልባስ እዩ። የቤት ውስጡ ብርቱካናማ ከሆነ ኦኤም1 ወይም ኦኤም2 የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ፈዛዛ ሰማያዊ አረንጓዴ ከሆነ ኦኤም3 ወይም ኦኤም4፤ ቢጫ ከሆነ ሲንግልሞድ። ከደጅ የሚመጣው ጥቁር ሊሆን ስለሚችል በቀለም ብቻ አትፍረዱ፤ ጽሑፉን አንብቡ። ከዚያ ርዝመቱን ጻፉ፣ አካፍሉ።

ከዚያ ቦይ ከወጣው አሮጌ ገመድ አንድ ክንድ ያህል ቆርጬ ወስጃለሁ። አሁን ተማሪዎችን ሳግዝ ጠረጴዛዬ ላይ ነው የማስቀምጠው። ልባሱ ላይ በየሜትሩ፣ በነጭ ቀለም፣ 62.5/125 የሚል ታትሞበታል። 180 ሜትር ሙሉ ተጽፎ ነበር፤ አላነበብነውም።